ከከተማው ዳር ላለ ግቢ የተማሪዎች ማኅበራዊ ድረ ገጽ አሠራር

ክላስ ሬፕ (የክፍል ተጠሪ) በተመረጠ ማግስት በየሴክሽኑ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል። ማስታወቂያው፣ ሃንድአውቱ፣ ቀልዱ፣ የጠፋው መታወቂያ ሁሉ እዚያ ይፈስሳል። ለተማሪ ማኅበራዊ ድረ ገጽ ሊሠራ የተነሳ ሰው ኮድ ከመንካቱ በፊት ያ ግሩፕ ምን እንዳቃተው ወረቀት ላይ ይጻፍ። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ያቅተዋል። አንደኛ አያስታውስም፤ አምና የተለጠፈው የካልኩለስ ሚድ ፈተና ከሺህ መልእክት ሥር ተቀብሯል። ሁለተኛ ሰውን አያውቅም፤ የመኪና ፎቶ ለጥፎ በቅጽል ስም የሚጽፈው ሰው የግቢው ተማሪ መሆን አለመሆኑን የሚያረጋግጥ የለም። ሦስተኛ ባቹ ሲመረቅ ግሩፑም አብሮ ይመረቃል፤ ተከታዩ ባች ከዜሮ ይጀምራል። እነዚህን የሚፈታ ድረ ገጽ ተጠቃሚ አያጣም። ቴሌግራም አሳምሮ የሚሠራውን ደግሞ ልሥራ የሚል፣ በተለይ የግል ቻት፣ ሴሚስተሩን ይጨርሳል እንጂ ሰው አያመጣም።

ከአዲስ አበባ ዳር ላለ ግቢ አራተኛ ነገር ይጨመራል፤ ርቀት። ቂሊንጦና ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ መሃል ከተማ እንደሚማረው ከግቢ በር ወጥቶ የፈለገውን አያገኝም። ነን ካፌ የሆነው (በግቢው ካፌ የማይመገበው) ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ላይ አብሮት የሚከራይ ሰው ይፈልጋል። ዓርብ ከሰዓት ወደ መገናኛ ወይም ወደ ቃሊቲ የሚሄደው አብሮት ታክሲ የሚጋራ ይፈልጋል። የተመራቂው ፍራሽና ካልኩሌተር ደግሞ ለፍሬሹ (ለአዲስ ገቢው) ቢደርስ ሁለቱም ይጠቀማሉ። የፋይል ማከማቻው ሰውን አንድ ጊዜ ያመጣዋል፤ በየሳምንቱ የሚመልሰው ይህ ነው።

ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2004 ሲጀመር የሃርቫርድ ኢሜይል የሌለውን አያስገባም ነበር። ያ ጥብቅነት ለእናንተም ያስፈልጋል። ከአንድ ግቢ ጀምሩ፤ በመጀመሪያው ሴሚስተር ሌላ ዩኒቨርሲቲ አትጨምሩ።

ተማሪን በዳታቤዝ ውስጥ ማስቀመጥ

ሰንጠረዦቹ ብዙ አይደሉም፦ ተጠቃሚ፣ ቡድን፣ አባልነት፣ ፖስት፣ ኮሜንት፣ ፋይል፣ ጥቆማ። ብዙዎች የሚሳሳቱት አባልነት ላይ ነው። ዲፓርትመንትን፣ ባችንና ሴክሽንን በተጠቃሚው ሰንጠረዥ ላይ እንደ ሦስት ዓምድ ካስቀመጣችሁ በሁለተኛው ዓመት ሁሉም ይፈርሳል። ፍሬሽ ዲፓርትመንት የለውም፤ የሚመደበው የጋራ ኮርሶቹን ከጨረሰ በኋላ ነው። ዊዝድሮው ሞልቶ (ትምህርቱን ለጊዜው አቋርጦ) የተመለሰ ተማሪ ከታች ካለው ባች ጋር ይማራል። ኮርስ አድ ያደረገ ደግሞ ለአንድ ኮርስ ብቻ ሌላ ሴክሽን ይገባል። ስለዚህ አባልነት ራሱን የቻለ ሰንጠረዥ ይሁን፤ ማን፣ የትኛው ቡድን፣ ከመቼ፣ እስከ መቼ። ሲዛወር የድሮውን አታጥፉ፤ የማብቂያ ቀን ሙሉበትና አዲስ ረድፍ ክፈቱ። ተመራቂውም በዚሁ መንገድ ወደ "የቀድሞ ተማሪ" ይሸጋገራል፤ የለጠፈው ፋይል ግን አይጠፋም።

የስም ቦታውን ከውጭ አገር ቅጽ አትቅዱ። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም። ስም፣ የአባት ስም፣ ከፈለጉ የአያት ስም ጠይቁ፤ ዝርዝር ሲወጣም በራሱ በተማሪው ስም ይደርደር። በአባት ስም የሚደረድር ሲስተም ተማሪው ስሙን ፈልጎ እንዲያጣው ያደርጋል። ስሙን በፊደልም በላቲንም መጻፊያ ስጡ፤ በስልክ ሲፈልግ በላቲን የሚጽፈው ተማሪ ጥቂት አይደለም።

መሥሪያውን በተመለከተ ብዙ አትከራከሩ። ቡድናችሁ ፓይተን ካወቀ ጃንጎ፣ ፒኤችፒ ካወቀ ላራቬል፣ ከሥር ለዳታቤዙ ፖስትግሬስ። ለሁለትና ሦስት ሺህ ተማሪ ሁለት ጊጋባይት ራም ያለው አንድ ሰርቨር ይበቃል። ለግዙፍ ሲስተም የሚሆኑትን ማይክሮሰርቪስ፣ ኩበርኔቲስ የሚል ሰው በመካከላችሁ ካለ ሲቪው ላይ ይጻፈው እንጂ እዚህ አያስፈልግም። በፖስትግሬስ ፈንታ ማይኤስኪውኤል የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ አንድ ጥንቃቄ አለ። "ዩቲኤፍ 8" የሚለው የድሮው ምርጫ በአንድ ፊደል ሦስት ባይት ብቻ ስለሚይዝ አማርኛውን ያስቀምጣል፤ አራት ባይት የሚፈጀው ኢሞጂ ሲመጣ ግን ፖስቱን አልቀበልም ይላል ወይም ይቆርጠዋል። "ኤምቢ 4" የሚል ቅጥያ ያለውን ምረጡ። ስህተቱ በአማርኛ ሲሞከር ስለማይታይ የሚገኘው ድረ ገጹ ከተከፈተ በኋላ ነው።

ማን ይግባ?

የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ለሁሉም ከተሰጠና ተማሪው የሚከፍተው ከሆነ ያ ቀላሉ መንገድ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ፓስዋርዱ ተረስቷል ወይም ከናካቴው አልተከፈተም። የሚሠራው አማራጭ የክላስ ሬፕ ኮድ ነው። ለእያንዳንዱ ሬፕ እንደ ሴክሽኑ ብዛት፣ ለምሳሌ 55 ተማሪ ካለ 55፣ የአንድ ጊዜ ኮድ አውጡ። እያንዳንዱ ኮድ አንድ ሰው ብቻ ያስገባ፤ በ14 ቀን ይቃጠል፤ ማን ለማን እንደሰጠው ይመዝገብ። አንድ ኮድ ለሁሉም ካወጣችሁ በዚያው ማታ የኮንፌሽን ቻናል (ተማሪ ስሙን ሳይገልጽ የሚለጥፍበት ቻናል) ላይ ታገኙታላችሁ። ኮዱ ውስጥ ዜሮና ኦ፣ አንድና ኤል የሚመሳሰሉባቸውን ምልክቶች አታስገቡ፤ ሬፑ ሰሌዳ ላይ ይጽፈው ይሆናል።

የመታወቂያ ፎቶ መጠየቅ ያጓጓል። ከመጠየቃችሁ በፊት ያ ሁሉ ፎቶ ሰርቨሩ ላይ ተከማችቶ ቢሰረቅ የሚደርሰውን አስቡ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ መሰብሰብ የሕግ ጉዳይም ሆኗል። ግድ ከሆነ አንድ ሰው አይቶ ያጽድቅ፤ ፎቶው በ24 ሰዓት ውስጥ ይጥፋ፤ "ተረጋግጧል" የሚለው ምልክት ብቻ ይቅር። ባክአፕ ውስጥ የገባውን ደግሞ አትርሱ፤ ከሰርቨሩ ያጠፋችሁት ፎቶ ባክአፑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሊሆን ይችላል።

ስልክ ቁጥር ስትቀበሉ አንዱን ቁጥር ተማሪዎች በአራት ዓይነት ይጽፉታል፦ በ09፣ በ9፣ በ251፣ በ+251። የሳፋሪኮም ቁጥር ደግሞ በ07 ይጀምራል። ሁሉንም ወደ +251 መልክ ቀይራችሁ አስቀምጡ፤ አለዚያ አንድ ሰው አራት አካውንት ይኖረዋል። ማረጋገጫ ኮድ በኤስኤምኤስ የምትልኩ ከሆነ መልእክቱን በአማርኛ አታርዝሙ። በላቲን 160 ምልክት የሚይዘው አንድ ኤስኤምኤስ በፊደል ሲጻፍ 70 ብቻ ይይዛል፤ 71ኛዋ ምልክት የሁለት መልእክት ሂሳብ ታስከፍላለች። "የማረጋገጫ ኮድዎ 482913 ነው" በቂ ነው።

በቴሌግራም መግቢያ ማድረግ ርካሽና ምቹ ነው፤ ተማሪው ሁሉ አለውና። ከቴሌግራም የሚመጣውን ፊርማ በሰርቨር በኩል ካላረጋገጣችሁ ግን ማንም የማንንም ቁጥር ልኮ ይገባል። የተፈረመበትንም ሰዓት እዩ፤ ከአንድ ቀን በላይ የቆየውን አትቀበሉ። ደግሞም ብቸኛ መግቢያ አታድርጉት። በ2015 ዓ.ም. ቴሌግራምና ፌስቡክ ለወራት ተገድበው ነበር፤ እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ ድረ ገጻችሁ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሚገባበት ሰው ያጣል። ስልክና ፓስዋርድ ሁልጊዜ በተጠባባቂነት ይኑሩ።

ፓስዋርዱን እንዳለ አታስቀምጡ፤ በአርጎን 2 ወደ አሻራ (ወደ ኋላ ወደማይመለስ መለያ) ቀይሩት። ቢክሪፕት የምትጠቀሙ ከሆነ ከ72 ባይት በላይ ያለውን እንደማያይ እወቁ። አንድ ፊደል ሦስት ባይት ነው፤ ስለዚህ በአማርኛ ረጅም ዓረፍተ ነገር ፓስዋርድ ያደረገ ሰው 24 ፊደል ብቻ ይቆጠርለታል።

ፊደሉ የሚያመጣው ጣጣ

የፍለጋ ሳጥን ሠርታችሁ "ሥራ" ብሎ የለጠፈውን "ስራ" ብሎ የፈለገ ካላገኘው ተማሪው ፍለጋው አይሠራም ብሎ ይደመድማል፤ እውነቱንም ነው። መፍትሔው ከዋናው ጽሑፍ አጠገብ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ዓምድ መያዝ ነው። እዚያ ውስጥ ሐን፣ ኀንና ኸን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነእርባታቸው ቀይሩ። ከዚያ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ አምጡ። የአራት ነጥብና የሁለት ነጥብ ምልክቶችን በክፍት ቦታ ተኩ። ተጠቃሚው የሚፈልገው ቃልም በዚያው ወንፊት ይለፍ። "ኃይሌ"፣ "ሀይሌ"፣ "ሃይሌ" ያን ጊዜ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። የሚታየውን ስም ግን በፍጹም አትንኩ። ዓለምፀሐይ በፀሐዩ ፀ የምትጽፈውን ስሟን በሌላ ፊደል ብታይ አካውንቱ የእኔ አይደለም ትላለች።

ቀጥሎ ቅጥያው አለ። "ካልኩለስ"፣ "የካልኩለስ"፣ "በካልኩለስ"፣ "ለካልኩለሱ" ለኮምፒውተሩ አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ፖስትግሬስ ከራሱ ጋር የአማርኛ ቃልን ከቅጥያው የሚለይ መሣሪያ ይዞ አይመጣም፤ ስለዚህ ሙሉ ቃል ከማዛመድ ይልቅ ሦስት ሦስት ፊደል እየቆረጠ የሚያመሳስለውን የትራይግራም ማሟያ ተጠቀሙ። ዳታቤዙን ስትፈጥሩ የቋንቋ ቅንብሩ "ሲ" የሚባለው ባዶው ከሆነ ትራይግራሙ ፊደሎቻችንን እንደ ፊደል አይቆጥራቸውም፤ ፍለጋውም ምንም አይመልስም፣ ስህተትም አያሳይም። ከመጀመሪያው የዩቲኤፍ 8 ቅንብር ምረጡ። "ሚድ" እንደሚለው ያለ ባለ ሁለት ፊደል ቃል ለትራይግራም ያጥራል፤ ሰንጠረዡ ሙሉውን ይነበባል። በጥቂት ሺህ ረድፍ ላይ ይህ አያስጨንቅም።

የፋይል ስምም ይሰብራል። የሊኑክስ ሰርቨር ለአንድ ፋይል ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው፤ በፊደል ሲሆን 85 ምልክት። "የ2ኛ ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተር አፕላይድ ማቲማቲክስ..." እያለ የሚቀጥል ስም ሲመጣ ፋይሉ አልጫን ይላል፤ ተማሪውም ኔትወርኩን ይሳደባል። ፋይሉን በራሳችሁ ቁጥር አስቀምጡት፤ የሰጠው ስም ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጥና ሲወርድ ይመለስለት። ሊንክ ላይም ፊደል አትጠቀሙ። አንድ ፊደል ሲገለበጥ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል፤ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ የፐርሰንት ምልክት ሰልፍ ይመስላል፤ ማንም አይነካውም። ቁጥር ይበቃል።

ሰዓት ትልቁ ወጥመድ ነው። ዳታቤዙ ውስጥ ሁልጊዜ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) አስቀምጡ፤ ሲታይ ሦስት ሰዓት ደምሩበትና ወደ እኛ አቆጣጠር ለማምጣት ስድስት ቀንሱ። በዩቲሲ 11 ሰዓት የተመዘገበው በውጭው አቆጣጠር 14 ሰዓት ነው፤ ለተማሪው ከቀኑ 8 ሰዓት ተብሎ ይታያል። ችግሩ ሲጻፍ ነው። ስልኩ በውጭ አቆጣጠር ላይ የሆነ ተማሪ "ቱቶሪያል ነገ 2 ሰዓት" ብሎ ቅጹ ላይ ሁለት ሲመርጥ ሲስተሙ ሌሊት 8 ሰዓት አድርጎ ይመዘግበዋል። የስልኩን የሰዓት መምረጫ ተውትና የራሳችሁን ሥሩ፤ ከ1 እስከ 12 ቁጥር፣ ከጎኑ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት የሚል ግዴታ። ከመለጠፉ በፊትም "ነገ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከ18 ሰዓት በኋላ" ብሎ መልሶ ያሳየው።

ለቀኑ ብራውዘሮች የኢትዮጵያን ካሌንደር ያውቃሉ፤ በእጅ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር እየቀነሳችሁ አታስሉ። ግድ ብሎ በእጅ የጻፋችሁት ካለ በሁለት ቀን ፈትኑት፦ መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024። ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግስት የሚስት ሂሳብ እዚህ ይጋለጣል።

የመስመር ርቀትንም ለፊደል ከፍ አድርጉ፤ ከጽሑፉ መጠን 1.6 እስከ 1.7 እጥፍ። ለላቲን የተሠራው 1.4 አማርኛውን ያጨናንቀዋል።

ደካማ ኔትወርክና አንድ አይፒ

ማታ ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት የዶርም ዋይፋይ ምን እንደሚመስል ለተማሪ አይነገርም። ፈተናችሁን በዚያ ሰዓት አድርጉ፤ ላብ ውስጥ ባለ ገመድ ላይ የፈጠነ ገጽ ምንም አይነግራችሁም። የመጀመሪያው ገጽ ያለ ፎቶ ከ150 ኪሎባይት አይብለጥ። ከስልክ የሚመጣ ፎቶ ሦስትና አራት ሜጋባይት ነው፤ ከመላኩ በፊት እዚያው ብራውዘሩ ውስጥ ወርዱን ወደ 1280 ፒክስል አውርዱትና በዌብፒ፣ በጥራት 70 ገደማ ጨምቁት። ብዙውን ጊዜ ከ150 ኪሎባይት በታች ይሆናል። ሃያ ፖስት ያለበት ገጽ ከ80 ሜጋባይት ወደ ሦስት ሜጋ ወረደ ማለት ነው፤ በፓኬጅ ለሚኖር ተማሪ ልዩነቱ ገንዘብ ነው። ፎቶው ውስጥ የተደበቀው የጂፒኤስ መረጃም በዚሁ መንገድ ይጸዳል፤ ሰርቨሩም ላይ ደግማችሁ አጽዱት። ኮዬ ፈጬ ብቻዋን የተከራየች ተማሪ የለጠፈችው የምግብ ፎቶ የቤቷን አድራሻ ይዞ መሄድ የለበትም።

ሃርድ ዲስኩን አስቀድማችሁ አስሉ። 3,000 ተማሪ በሳምንት ሁለት ሁለት ፎቶ በ150 ኪሎባይት ቢለጥፍ በሳምንት 900 ሜጋ፣ በ16 ሳምንት ሴሚስተር ከ14 ጊጋባይት በላይ ነው። ፒዲኤፍ ሃንድአውት ደግሞ ተደጋጋሚ ነው፤ አንዱን ፋይል አሥር ሰው ይጭነዋል። ሲጫን የይዘቱን አሻራ በሻ 256 አውጡና ያው አሻራ አስቀድሞ ካለ በላዩ ላይ ሊንክ ብቻ ጨምሩ።

ኔትወርክ ሲዘገይ ተማሪው "ላክ"ን ሦስት ጊዜ ይነካል። ሦስት ፖስት ይለጠፋል፤ ከሥሩ "ሰማን" የሚል ኮሜንት ይከተላል። ገጹ ፖስቱ ሲጻፍ የራሱን ልዩ መለያ ያውጣለት፤ ሰርቨሩ ያንን መለያ ሁለተኛ ጊዜ ሲያይ የመጀመሪያውን መልሶ ይስጥ። ላይክም ላይ አንድ ተጠቃሚ ለአንድ ፖስት አንድ ብቻ የሚል ገደብ ዳታቤዙ ራሱ ላይ ይኑር፤ ኮዱ ላይ ብቻ የተደረገ ምርመራ ሁለት ጥያቄ በአንድ ቅጽበት ሲመጣ ሁለቱንም ያሳልፋል።

አሁን ብዙ ቡድኖችን በመክፈቻው ቀን ያዋረደውን ጉዳይ እንይ። ግቢው ሙሉ በአንድ ወይም በጥቂት አይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ በሚታወቅበት ቁጥር) ወደ ውጭ ሊወጣ ይችላል። ከጥቃት ለመከላከል ብላችሁ "ከአንድ አይፒ በደቂቃ አምስት ምዝገባ" ካላችሁ አዳራሽ ውስጥ ካሉት 200 ፍሬሾች አምስቱ ይገባሉ፤ 195ቱ "ብዙ ሞክረዋል" የሚል ጽሑፍ ያያሉ። የሞባይል ዳታም ብዙ ሰው በአንድ አድራሻ ሥር ያወጣል። ገደቡን በስልክ ቁጥርና በአካውንት ላይ አድርጉ፤ ለአንድ ቁጥር በሰዓት ሦስት ማረጋገጫ ኮድ፣ ለአንድ አካውንት በ15 ደቂቃ አምስት የተሳሳተ ፓስዋርድ። የአይፒው ገደብ ለሮቦት ብቻ የሚሆን ከፍተኛ ጣሪያ ይሁን። ከሰርቨሩ ፊት ሌላ አገልግሎት ካስቀመጣችሁ ደግሞ ሰርቨሩ የሚያየው የዚያን አገልግሎት አድራሻ እንዳይሆን አረጋግጡ፤ ያን ጊዜ ዓለም ሁሉ አንድ ሰው ይሆንባችኋል።

ፊዱ

በዚህ መጠን ላለ ግቢ ለእያንዳንዱ ተማሪ ፊድ (ሲገባ የሚያየውን የፖስት ዝርዝር) አስቀድሞ ማዘጋጀት አያስፈልግም። ሲጠየቅ የቡድኖቹን ፖስቶች በጊዜ ቅደም ተከተል አውጡ፤ ቡድንና ጊዜ ላይ አንድ የጋራ ኢንዴክስ (ማውጫ) ይኑር። ገጽ ለማገላበጥ "20 ዝለልና 20 አምጣ" አትበሉ፤ እያነበበ ሳለ አዲስ ፖስት ከገባ ያነበበውን ደግሞ ያያል። "ከዚህ ፖስት በፊት ያሉትን 20 አምጣ" በሉ። ሃያ ፖስት ስታወጡ ለእያንዳንዱ ጸሐፊውን፣ የላይኩንና የኮሜንቱን ቁጥር ለየብቻ ከጠየቃችሁ፣ ፖስቶቹን ካወጣው ጥያቄ ጋር አንዱ ገጽ 61 ጥያቄ ይሆናል። ላፕቶፕ ላይ አይታወቅም፤ ሦስት መቶ ሰው ሲገባ ሰርቨሩ ይንበረከካል። ጃንጎ ላይ ተያያዥ መረጃን በጅምላ የሚያመጡት ሰሌክት ሪሌትድና ፕሪፌች ሪሌትድ ለዚህ ናቸው።

የታክሲ መጋሪያና የቤት ማስታወቂያ የሚያልቅበት ጊዜ ይኑረው፤ ታክሲው ከተለጠፈ ከስድስት ሰዓት በኋላ፣ ቤቱ ከ21 ቀን በኋላ ከፊዱ ይውጣ። የቤት ማስታወቂያ ቅጽ ላይ ኪራዩ በብር፣ ስንተኛ ፎቅ፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ የሚሉ ቦታዎች ይኑሩ፤ ስለ ውሃው የማይጠይቅ ቅጽ አካባቢውን በማያውቅ ሰው የተሠራ ነው። ከሥሩ "ቤቱን ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ" የሚል ቋሚ ጽሑፍ ጨምሩ።

ማሳወቂያ በቴሌግራም ቦት መላክ ይቻላል፤ ተጠቃሚው መጀመሪያ ራሱ ቦቱን ካላስጀመረው ግን ቦቱ ሊጽፍለት አይችልም። በሰከንድ ከ30 መልእክት በላይ አትላኩ፤ ለ3,000 ሰው 100 ሰከንድ ይፈጃል፣ ይፍጅ።

ጥቆማና ኃላፊነት

ተማሪው ከመላ አገሪቱ ተመድቦ የመጣ ነው። አንድ የተሳሳተ ወሬ በብሔር ወይም በሃይማኖት መስመር ከተጻፈ ከዶርም እስከ ካፌ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። ስለዚህ ስም የለሽ ፖስት አታስገቡ። ተጠቃሚ እንደሚያመጣ እናውቃለን፤ የኮንፌሽን ቻናሎቹ ምስክር ናቸው። የሚያመጣውን ጣጣ ግን ለመሸከም የተማሪ ቡድን አቅም የለውም። የጤና ወይም የጭንቀት ጥያቄ ላለው ተማሪ ስሙ ለሌላው ሳይታይ፣ መጀመሪያ በአስተዳዳሪ ታይቶ የሚወጣበት አንድ ጠባብ ቦታ ማበጀት ይቻላል።

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪ ጥቆማ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ይዘት እንዲያነሳ ያዛል። 24 ሰዓት ማለት ፋይናል ሳምንትንም፣ ፋሲካንም ይጨምራል። ስለዚህ የተረኛ ሰሌዳ አውጡ፤ ቢያንስ ስድስት ሰው፣ ከተለያየ ዲፓርትመንትና ከተለያየ አካባቢ፣ የአማርኛ ብቻ ሳይሆን የአፋን ኦሮሞና የሌሎች የግቢው ቋንቋዎች አንባቢ ያለበት። ጥቆማ ከሦስት የተለያዩ ሰዎች ሲመጣ ፖስቱ ወዲያው ይደበቅ እንጂ አይጥፋ፤ ሰው አይቶ ይወስን። ያለ ሰው ውሳኔ የሚያጠፋ ከሆነ ሦስት ጓደኛሞች ተባብረው የጠሉትን ሁሉ ያስጠፋሉ። ማን ደበቀ፣ መቼ፣ ለምን የሚለው ይመዝገብ፤ አስተዳዳሪውም መዝገቡን መሰረዝ አይቻለው።

ፕሮፋይል ላይ ስልክ፣ ብሎክና የዶርም ቁጥር አይታይ። ሴት ተማሪዎች ከየትኛውም የግቢ መድረክ የሚሸሹበት አንዱ ምክንያት የማያውቁት ሰው በግል መጻፉ ነው፤ የግል ቻት አትሥሩ ያልነው ለዚህም ነው። ማገጃ ቁልፉ በአንድ ንክኪ ይሥራ፤ የታገደውም እንደታገደ አይነገረው።

ሰርቨሩ የት ይቀመጥ፣ መቼ ይከፈት

ዶርም ውስጥ ወይም ላብ ጥግ አታስቀምጡት። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው፤ ላቡም ቅዳሜ ከሰዓት ይቆለፋል። ሰርቨር ተከራዩ። የኤስኤስኤል ሰርተፊኬቱ (የገጹ ግንኙነት እንዲመሰጠር የሚያስችለው) በራሱ እንዲታደስ አድርጉና መታደሱን በወር አንዴ አረጋግጡ፤ ከሌትስ ኢንክሪፕት የሚሰጠው ከ90 ቀን አያልፍም፤ የሚያልቀውም እንደ ዕድል ሆኖ በምዝገባ ሳምንት ነው። የዳታቤዙ ባክአፕ በየሌሊቱ ተመስጥሮ ከሰርቨሩ ውጪ ወዳለ ቦታ ይሂድ።

ለግንባታው ስምንት ሳምንት በቂ ነው። ሁለቱን ለምዝገባና ለቡድን፣ ሁለቱን ለፋይልና ለፍለጋ፣ አንዱን ለፖስትና ኮሜንት፣ አንዱን ለጥቆማና ማገጃ ስጡ። ሰባተኛው አንድ ሴክሽን ብቻ አስገብቶ የመሞከሪያ ነው፤ ስምንተኛው የተሰበረውን የመጠገኛ። ጥቆማው ከመክፈቻው በኋላ ይደርሳል ብላችሁ አታዘግዩት፤ አይደርስም።

ባዶ ገጽ አትክፈቱ። ከመክፈቻው በፊት ሦስት ዲፓርትመንት መርጣችሁ ለእያንዳንዳቸው 40 ያህል ወርክሺትና ሃንድአውት በኮርስ ስም ለዩና ጫኑ፤ መምህሩ እንዳይሰራጭ ያሉትን ትታችሁ። የሚከፈትበት ቀን ፍሬሽ በሚገባበት ሳምንት ይሁን፤ ዶርሙ የት እንደሆነ፣ ታክሲው ከየት እንደሚነሳ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ መቼ እንደሚዘጋ የማያውቅ ሰው ያን ሳምንት ብቻ ነው በብዛት የሚገኘው። በሚድ ሳምንት የተከፈተ ድረ ገጽ የሚያየው ሰው የለም።

ርክክቡን ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሩ። ዶሜይኑ የተመዘገበበት ኢሜይል የአንድ ጂሲ (የዘንድሮ ተመራቂ) የግል አድራሻ፣ ክፍያውም በእሱ ካርድ ከሆነ፣ እሱ ተመርቆ ሥራ በያዘ በዓመቱ ድረ ገጹ ይጠፋል። ኢሜይሉ የቡድኑ ይሁን፤ ቁልፎቹ ከሁለት የተለያዩ ባቾች በተመረጡ ሁለት ሰዎች እጅ ይቀመጡ። በየሴሚስተሩ አንድ ጊዜ ታናሹ ባች ባዶ ሰርቨር ይሰጠው፤ ከባክአፑና ከተጻፈው መመሪያ ብቻ ተነስቶ፣ ለታላላቆቹ ሳይደውል ድረ ገጹን ያስነሳ። የደወለበትን እያንዳንዱን ጥያቄ መልሱን መመሪያው ላይ ጻፉና በሚቀጥለው ሴሚስተር ድገሙት።